አስቀድሞ የሚጠየቀው ጉዳቱ ይሁን
ለነፍሰ ጡሮች ስለሚታሰበው የዕፀዋት መድኃኒት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣
ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣
በየዩኒቨርሲቲው ዕፀዋትን ለምትመረምሩ ሊቃውንትም ሁሉ፤

ክቡራን ሆይ፤

በሀገራችን ምድር የሚበቅሉትን ዕፀዋት ቅጠላቸውን፣ ሥራሥራቸውንና ፍሬያቸውን እየዘፈዘፋችሁ፣ ጭማቂያቸውንም በቤተ ሙከራ እየፈተናችሁ፣ ከመካከላቸው የቫይረስን ደዌ የሚገታ ይገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ የምትደክሙትን ድካም ከልቤ የማከብር፣ ለብዙ ዘመንም ስለ ዕፀዋት መድኃኒት ወጣቶችን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የወቀሳ ፍላጎት አይደለም፤ ይህ ምርምር ሁለት ነፍስ በአንድ ሥጋ ወደ ተሸከመችው እናት በደረሰ ጊዜ ሥራው የሚጀመርበት በር ከሌላው ጊዜ የተለየ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን፣ ይህንንም እምነቴን ከነምክንያቱ በፊታችሁ ማኖር ግዴታዬ መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

የምለውም ይህ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት የሚታሰብ ማናቸውም የዕፅ ጭማቂ ቫይረሱን ይገድል እንደ ሆነ ከመጠየቁ አስቀድሞ ፅንሱንና እንግዴ ልጁን ይጎዳ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ለዚህም ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስንነሣ፣ የባህል ሐኪሞቻችን ለነፍሰ ጡር ካዘዙት ይልቅ የከለከሉትን አስቀድመን እንሰብስብ።

ችግር በሌለበት መድኃኒት መፈለግ ከንቱ ድካም ነውና ስለ ችግሩ ጥቂት ልናገር። ሕዝባችን የወፍ በሽታ እያለ ከሚጠራቸው፣ ዓይንን ብጫ ከሚያለብሱት የጉበት ደዌዎች አንዱ ሄፓታይተስ ኢ የተባለው ነው። በተበከለ ውኃ የሚተላለፈው ይህ ቫይረስ ጎልማሳውን ሰው ለጥቂት ሳምንታት አድክሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚለቅ ሲሆን፣ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ላይ ያለችውን ሴት ባገኘ ጊዜ ግን ጠባዩ ይለወጥና፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከመቶው እስከ 20 ወይም 25 የሚደርሱትን ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ይህ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም፤ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው ደዌው በኢትዮጵያ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚያደርሰውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1993 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመውታል፤ ከዚያም ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ ሱዳን ተሰድደው በጋምቤላ መጠለያዎች በሰፈሩት ሰዎች መካከል ወረርሽኙ ተነሥቶ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ቆይቷል። ለሌላው ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ሪባቪሪን የተባለው የቫይረስ መድኃኒት ፅንስን የሚያበላሽ በመሆኑ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ጉበቷና ደሟ እንዳይከዷት ከመደገፍ በቀር በእጁ የሚሰጣት ፈውስ የለውም። በእናቲቱ ላይ ምልክቱ እምብዛም ሳይታይ ተሻግሮ የሕፃኑን ጆሮ ሊያደነቍር የሚችለው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስም ከዚሁ የማያንስ ራስ ምታት ነው፤ እርሱን ለመግታት የተሠሩት ብርቱ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈሩ ናቸውና።

ይህ ባዶነት ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለነገሩ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን ይሸጥ የነበረውና ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ጭምር ይታዘዝ የነበረው ታሊዶማይድ፣ በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪነሣ ድረስ በልዩ ልዩ ሀገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው እንደ ጎደለ እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ። ዓለም ከዚህ መከራ የተማረው ትምህርት ግን ግማሽ ትምህርት ነበር። ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በጥንቃቄ ይመርመር ማለት ሲገባው፣ ነፍሰ ጡር ከምርመራው ትውጣ አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ1977 ባወጣው መመሪያ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ ከመድኃኒት ፍተና የመጀመሪያ ደረጃዎች እንድትገለል አደረገ፤ መመሪያው የተነሣውም በ1993 ነው። ያልተመረመረውም መድኃኒት በእርግዝና መካከል ለታመመችው ሴት ሲያስፈልጋት በግምት ይሰጣት ወይም በፍርሃት ይነፈጋት ጀመር። በጥንቃቄ መመርመር እንደሚቻል ግን ምስክር አለ፤ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት በነፍሰ ጡሮች ላይ ተፈትኖ፣ ከመቶ 25 ያህል የነበረው መተላለፍ ወደ 8 ያህል መውረዱ በ1994 ታውቋል። ዛሬ በሀገራችን ጤና ጣቢያዎች ከቫይረሱ ነጻ ሆነው የሚወለዱት ልጆች የዚያ ድፍረትና ጥንቃቄ ፍሬዎች ናቸው።

እንግዲህ ሊቃውንት በሚያመነቱበት በዚህ ባዶ ስፍራ እናቶቻችን ምን እያደረጉ ነው ቢባል፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ከጓሮ ቀጥፈው እየጠጡ ነው። በልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ነፍሰ ጡሮች ከሚወስዷቸው ዕፀዋት መካከል ጤና አዳም፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ ከፊተኞቹ ይቈጠራሉ። ምች መታኝ ያለችው ሴት፣ ራሷን እየፈለጣት ከንፈሯ ላይ ቁስል ወጥቶ ስትተክዝ፣ አማቷ ወይም ጎረቤቷ ዳማከሴ አሽታ እንድታሸትተው ትሰጣታለች፣ ጭማቂውንም በቡና ጨምራ ታጠጣታለች። ምች ከምንለው ነገር ውስጥ የከንፈሩ ቁስል ብዙ ጊዜ ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ግብር ስለ ሆነ፣ ይህች አማት ሳታውቀው የቫይረስ መድኃኒት ሙከራ እያደረገች ነው፤ የሙከራዋ መዝገብ ግን የለም። የወፍ በሽታ ለያዛት ሴትም የሰንሰል ቅጠል ተወቅጦ እንደሚሰጥ የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ስፍራ ስለ መጠን አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ፤ ነገሩን ሳይለዩ የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉና። በቡና ስኒ ውስጥ የተነከረች አንዲት የጤና አዳም ቀንበጥ፣ በወጥ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት፣ በሻይ የተቀቀለ ጥቂት ዝንጅብል ምግብና ማጣፈጫ ናቸው፤ አንድ እፍኝ ጤና አዳም ተወቅጦና ተጨምቆ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ የጤና አዳም ወገን የሆኑት ዕፀዋት ፅንስን ለማስወረድ ሲሠራባቸው የኖሩ መሆናቸው በሜዲትራንያን ሀገሮችም በላቲን አሜሪካም የታወቀ ነውና። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚዘጋጀው ጭማቂ ደግሞ ከእፍኙም የባሰ ነው፤ በአልኮል ተነክሮ፣ ተንኖና ተጣርቶ የደረቀው ዱቄት፣ እናቶች በዘመናት ልምድ ያወቁት ያ ቅጠል አይደለም። ስለዚህም አያቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋልና አይጎዳም የሚለው ክርክር ለቅጠሉ ጥቂት ቢያገለግል፣ ለጭማቂው ዱቄት ግን ፈጽሞ ምስክር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ተመራማሪ ሕዋሳትን በመስታወት ሣሕን አሳድጎ፣ ቫይረስ ለቅቆባቸው፣ ከዚያም የዕፅ ጭማቂ ቢያፈስስበትና ቫይረሱ መራባቱን ቢያቆም፣ ብዙ ጊዜ የጥናቱ መደምደሚያ ዕፁ ተስፋ ሰጪ ነው የሚል ይሆናል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ የቆመው ለምንድር ነው? እንዶድን እንመልከት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ከዚያም የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ለማጥፋት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የደከሙትን ድካም፣ በ1989ም በስቶክሆልም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት መቀበላቸውን ያልሰማ የሀገራችን የዕፀዋት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እንዶድ ሳሙና ነው፤ ሳሙናነቱ ደግሞ የስብ ሽፋን ያለውን ማናቸውንም ነገር ያፈርሳል፤ ብዙዎቹ ቫይረሶች የስብ ሽፋን አላቸው፤ የሰው ሕዋስም እንዲሁ። ስለዚህ እንዶድ በሣሕን ላይ ቫይረስ ቢገድል የሚደነቅ ነገር የለም፤ የልብስ ሳሙናም ይገድላል፤ የልብስ ሳሙና ለነፍሰ ጡር እናጠጣ የሚል ግን የለም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። በእንዶድ ቅጠል ውስጥ ከሳሙናው ሌላ ዶዴካንድሪን የተባለ ፕሮቲን እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ታውቋል፤ ይህም በአሜሪካ የሚበቅለው የእንዶድ ዘመድ ከሚሰጠውና ቫይረስን በመግታቱ ስም ካወጣው ፕሮቲን ጋር አንድ ወገን ነው። የእነዚህ ፕሮቲኖች ግብር ረቂቅ ነው። ቫይረስ የራሱ የፕሮቲን መሥሪያ የለውምና የሰውን ሕዋስ መሥሪያ፣ ራይቦዞም የሚባለውን፣ ተውሶ ይራባል፤ እነዚህ ፕሮቲኖች ደግሞ ራይቦዞሙን ራሱን ሰብረው ሥራ ያስፈቱታል፤ መሥሪያው ሲቆም ቫይረሱም ይቆማል። ነገር ግን መሥሪያው የሕዋሱ ንብረት ነበር፤ ቫይረሱን ያቆመው ኃይል ሕዋሱንም ያቆማል። በፍጥነት እየተከፈለ የሚያድግ፣ በየሰዓቱ አዲስ ፕሮቲን ካልሠራ የማይኖር አንድ አካል ቢኖር እርሱ ፅንስ ነው፤ እርሱን የሚመግበው እንግዴ ልጅም ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ይህን በግምት የምናገረው እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውስ። በቻይና ትሪኮሳንተስ የሚባል የሐረግ ዓይነት አለ፤ ከሥሩ የሚወጣው ትሪኮሳንቲን የተባለ ፕሮቲን በዚያው ሀገር ለማስወረጃነት በሐኪሞች ዘንድ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ የሚሠራውም የእንግዴ ልጁን ውጫዊ ሕዋሳት ነጥሎ በማጥቃት ነው። ይኸው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1989 በኤችአይቪ በተያዙ ሕዋሳት ላይ ተፈትኖ የቫይረሱን መራባት መግታቱ ታተመ፤ ያን ጊዜ ተስፋው ብዙ ነበር፤ በሕመምተኞች ላይ በተሞከረ ጊዜ ግን በአንዳንዶቹ ላይ ከባድ የአእምሮ መታወክ ስለ አስከተለ ወደ መድኃኒትነት ሳይደርስ ቀረ። እነሆ፣ አንድ ሞለኪውል፣ አንድ ግብር፣ ሁለት ስም፤ ለቫይረስ ተመራማሪው ፀረ ቫይረስ፣ ለማሕፀን ሐኪሙ ማስወረጃ። በእኛም ሀገር እንዶድ ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጣ፣ በዚያም ምክንያት ሴቶችን የሚገድል ዕፅ መሆኑ የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወጣት ተመራማሪ እንዶድ ወይም ሌላ ዕፅ ቫይረስ ገታ ብሎ ውጤቱን ይዞ በመጣ ጊዜ፣ መምህሩ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ምን ያህል ገታ ብሎ ሳይሆን፣ ሕዋሱንስ በስንት መጠን ገደለው፣ በሁለቱ መጠኖች መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው፣ በእንግዴ ልጅ ሕዋስስ ላይ ሞክረሃልን ብሎ ነው።

ከዕፅ የተገኘ የቫይረስ መድኃኒት ከቶ የለም ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። በሰው ፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣውን የብልት ኪንታሮት ለማጥፋት ፖዶፊሊን የተባለው የዕፅ ሙጫ ለብዙ ዘመን ሲቀባ ኖሯል፤ እርሱም የሕዋስን መከፈል የሚያቆም በመሆኑ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ነው። ለዚያው ደዌ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተዘጋጀ ቅባት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ፣ በዚያች ሀገር በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ከተፈቀዱት የዕፀዋት መድኃኒቶች የመጀመሪያው ሆኗል፤ ይህም ቢሆን በእርግዝና ጊዜ ደኅንነቱ አልተረጋገጠም። ሁለቱም ወደ ሆድ የማይገቡ፣ በቆዳ ላይ ብቻ የሚቀቡ ናቸው። ከቆዳ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን አባቶቻችን ወዳቆዩልን ነገር ልመለስ። የመድኃኒት መጻሕፍቶቻችንን፣ ዕፀ ደብዳቤና መጽሐፈ መድኃኒት የምንላቸውን፣ ሊቃውንት ሰብስበው አጥንተዋቸዋል፤ የፖላንዱ ተወላጅ ስቴፋን ስትረልሲን እንኳ ብዙዎቹን ከነትርጓሜያቸው እ.ኤ.አ. በ1968ና በ1973 አሳትሟል። ዛሬም ተማሪዎቻችን መመረቂያ ጽሑፍ ለመጻፍ ወደየወረዳው ወርደው የባህል ሐኪሞችን እየጠየቁ ይመለሳሉ። መጠይቃቸውን ብታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዕፅ ለምን ይሆናል፣ የትኛው ክፍሉ ይወሰዳል፣ እንዴትስ ይዘጋጃል የሚል ነው። ለማን አይሰጥም የሚለው ጥያቄ ቢኖርም በመጨረሻ፣ በአንድ መስመር፣ ለወጉ ያህል ተጽፎ ይገኛል። በእኔ ፍርድ ከባህል ሐኪሞቻችን ዕውቀት እጅግ የከበረው ይኸው የተናቀው ክፍል ነው። ዐዋቂው ይህ ዕፅ ያሽራል ሲል ሊሳሳት ይችላል፤ ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ የሚድን ነውና መድኃኒቱ ያላዳነውን ሰው የማዳን ክብር ይወስዳል። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ እንቆቆና መተሬም እንዲሁ ሲል ግን፣ ይህ ክልከላ በሴቶች ደምና በጠፉ ፅንሶች ዋጋ የተገኘ ምስክርነት ነው፤ ማንም በከንቱ ገበያውን አይከለክልም። በየቋንቋውና በየአውራጃው ያሉትን እነዚህን ክልከላዎች አንድ መዝገብ ላይ ብንጽፋቸው፣ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ፀረ ቫይረስ ሊፈለግባቸው የማይገቡትን ዕፀዋት ያለ አንዳች ኬሚካል፣ ያለ አንዳች አይጥ ሞት ከወንፊቱ እንለያቸዋለን። የተለዩትም ይጣሉ አልልም፤ ለወንዶችና ላላረገዙት ይመርመሩ።

የዕፅ ተስፋ ሲወጣና ሲወርድ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1988 በማድራስ ከተማ ፊላንተስ አማሩስ የተባለው ቅጠል ለሄፓታይተስ ቢ ተሰጥቶ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሕመምተኞች ቫይረሱ ከደማቸው ጠፋ ተብሎ በታላቅ የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ በሌሎች ስፍራዎች በተደገመ ጊዜ ግን ውጤቱ አልተገኘም። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በእኛም ሀገር ከአገር በቀል ዕውቀት የተገኘ ተስፋ ሰጪ መድኃኒት እንዳለ በመንግሥት ደረጃ ተነገረ፤ ማዳጋስካርም በዚያው ሰሞን ከአርጤሚስያ የተዘጋጀውን መጠጥ በሕዝብ ፊት አቀረበች። ከማስታወቂያው በኋላ የሚሆነውን እኛ የምናውቀው ነው፤ ጥናቱ ገና ሳይጀመር ገበያው ይጀመራል፤ ገበያ ከሄዱትም መካከል ነፍሰ ጡሮች አይታጡም። ስለዚህ በነፍሰ ጡር ላይ ያልተፈተነ የዕፅ ግኝት በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገር ከሆነ፣ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ የሚለው ቃል በዚያው ንግግር ውስጥ፣ በዚያው ድምፅ ከፍታ እንዲነገር ባለሥልጣኑ ያስገድድ ዘንድ እለምናለሁ።

ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ግን እዚያው አርጤሚስያ ዘንድ እንቆይ። ቱ ዮዮ የተባሉት ቻይናዊት ሊቅ በ4ኛው መቶ ዘመን ከተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ፍንጭ ወስደው፣ ቅጠሉን በሙቀት ከመቀቀል ይልቅ በቀዝቃዛ መንገድ ጭማቂውን አውጥተው፣ የወባን መድኃኒት አርቴሚሲኒንን እ.ኤ.አ. በ1972 ለዩ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከእርሱ የተሠራው፣ ኳርተም እያልን የምንጠራው መድኃኒት በሀገራችን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና የወባ ፈውስ ሆነ። ነገር ግን በእንስሳት ላይ በእርግዝና መጀመሪያ ፅንስ የሚያጠፋ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዳይሰጥ ተከልክሎ ቆየ። ክልከላው የተነሣው በ2022 ነው፤ አርቴሚሲኒን ከተለየ ከ50 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያነሣውስ ምንድር ነው? ማርገዛቸውን ሳያውቁ መድኃኒቱን የወሰዱ፣ ወይም በሕመማቸው ብርታት የተሰጣቸው ሴቶች ስማቸው፣ ወራቸውና የወለዱት ልጅ ሁኔታ በልዩ ልዩ ሀገሮች ተመዝግቦ፣ መዝገቡ ተደምሮ፣ ፅንሱ እንደ ተፈራው አለመጎዳቱ ስለ ታየ ነው። በቦትስዋናም ጸፓሞ የተባለው የልደት ምዝገባ በ2018 ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በእርግዝና መጀመሪያ ከወሰዱ 426 ሴቶች መካከል አራቱ የአከርካሪና የአንጎል ጉድለት ያለባቸው ልጆች መውለዳቸውን አይቶ ዓለምን አስጠነቀቀ፤ ያው ምዝገባ ሳይቋረጥ ቀጥሎ በተከተሉት ዓመታት ፍርሃቱ መቅለሉን አረጋገጠ። ያስጠነቀቀውም ያጽናናውም አንድ መዝገብ ነው፤ የሠሩትም አዋላጆች ናቸው፤ ከባድ መሣሪያ አልጠየቀም።

እንግዲህ ልመናዬ ወደዚህ ይመጣል። የቅድመ ወሊድ ክትትል በሚደረግበት ካርድ ላይ ስለ ዕፀዋት አንድ ስፍራ ይከፈት። ጥያቄውም የባህል መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ተብሎ በደፈናው አይጠየቅ፤ እንዲህ ከተጠየቀች ወቀሳ የሚከተላት መስሎአት አልወስድም ትላለች። ይልቁንስ አዋላጇ በእኅትነት ድምፅ ጤና አዳም ጠጥተሻል? ዳማከሴስ? ኮሶስ? የወፍ መድኃኒት ተሰጥቶሻል? እያለች በየስማቸው ትጠይቃት፤ በስንተኛው ወር እንደ ሆነ፣ በቅጠል ወይም በዱቄት እንደ ሆነ ትጻፍ፤ ልጁ በተወለደ ጊዜም ሁኔታው በዚያው ካርድ ይመዝገብ። በየቤቱ የሚገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከአዋላጆች ቀድመው ይደርሳሉና፣ የፅንሱ ብልቶች በሚቀረጹባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሆነውን ለማወቅ የእነርሱ ድርሻ ይበልጣል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ዘግይቶ መምጣት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነውና። ይህ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ነጭ ሽንኩርት በመድኃኒት መልክ ብዙ ሲወሰድ ሳኪናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ እንደሚያሳንሰው ቀድሞ ታውቋል፤ ከቫይረሱ ጋር እየኖረች መድኃኒቷን በትክክል የምትውጥ ነፍሰ ጡር፣ በጎን በምትጠጣው ነገር ምክንያት ልጇ ቢያዝ፣ ምክንያቱን የሚነግረን ካርዱ ብቻ ነው።

ለቤተ ሙከራዎቹ ደግሞ፦ ለነፍሰ ጡር ይሆናል ተብሎ የሚቀርብ የዕፅ ጥናት ሁሉ፣ ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት የፅንስ ጉዳት ፍተናን በመጀመሪያው ደረጃ እንጂ በመጨረሻው እንዳያኖር ይታዘዝ። ከእንግዴ ልጅ በተገኙ ሕዋሳትና በዓሣ ፅንስ የሚደረጉት ፍተናዎች ርካሽና ፈጣን ናቸው፤ የወደቀውን ዕፅ በጊዜ ያሳርፉታል፣ ያለፈውንም ያስከብሩታል። የባህል ሐኪሞችን በተመለከተ፣ ዕውቀታቸውን ስናስመዘግብ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተደነገገው የማኅበረሰብ መብት በክልከላዎቹ ላይም እንዲሠራ ይሁን፤ ዕውቀት ማለት ማዘዝ ብቻ አይደለምና፣ የከለከለውም አባት እንዳዘዘው አባት ስሙ ይጻፍ፣ ድርሻውም ይጠበቅለት።

ይህ ሁሉ ሲሆን በእጃችን ያለው አይዘንጋ። ሄፓታይተስ ኢ በንጹሕ ውኃ ይመከታል፤ በቻይና የተሠራው ክትባቱም እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ ወረርሽኙ ሳለ ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ ለሕዝብ ተሰጥቷል። ድንበራችንን ተሻግሮ እስከ ጋምቤላ በደረሰው ደዌ ላይ ዕፅ እስኪገኝ መጠበቅ አይገባንም። ለሄፓታይተስ ቢና ለኤችአይቪ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህን ትታ ቅጠል እንድትጠጣ የሚመክራት ሰው ለነፍሰ ጡሯ ወዳጅ አይደለም፤ የምትጠጣውን ቅጠል ጠይቆ ሳይጽፍ የሚያሰናብታትም ሐኪም ቢሆን እንዲሁ።

ክቡራን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነገ ሊጀመር የሚችለው፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቀው የካርዱ ጥያቄ ነው። የክትትሉ ካርድ በሚቀጥለው ጊዜ በሚታተምበት ሰዓት ይህች ጥያቄ እንድትገባበት፣ የተሰበሰበውም መልስ በየዓመቱ ለተመራማሪዎችና ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ሚኒስቴሩ ትእዛዝ ይስጥ ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የዕፀዋት መድኃኒት መምህር